ካርኒ የሌለው ምስጋና

ሰኔ ሁለት ነገር ያዘንባል፤ ዝናብና ምስጋና። የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ስለሚዘጋ፣ አሥራ አንድ ወር ሙሉ ሲያንቀላፋ የከረመው ብር ድንገት ባንኖ ይነሳና መሮጥ ይጀምራል። ብሩ በሮጠበት ሁሉ ድንኳን ይተከላል። ድንኳን በተተከለበት ሁሉ ደግሞ ክቡር የወረዳው አስተዳዳሪ ማይክ ጨብጠው ሕዝቡን ያመሰግናሉ። ይህን የሚያማ አይጠፋም፤ ሐሜተኛ መቼ ጠፍቶ ያውቃል? እኛ ግን ባለሙያን በሙያው ማመስገን ስለምንወድ ዛሬ አመስጋኙን እናመሰግናለን።

መቼም ቀላል ሥራ እንዳይመስላችሁ። አንድ ነዋሪ ከደመወዙ የሥራ ግብር ይቆረጥበታል፤ ከሚገዛው ሳሙና ላይ 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ ይከፍላል፤ የቤቱንና የቦታውን ግብር በየዓመቱ ተሰልፎ ያስገባል። በዚህ ላይ ለሰፈሩ ኮብልስቶን ያዋጣል፤ በዚያም ላይ ቅዳሜ ጠዋት አካፋ ይዞ ይወጣል። ይህን ሁሉ ያደረገን ሰው ዓይን ዓይኑን እያዩ «ከጎናችን ስለቆማችሁ እናመሰግናለን» ማለት ልምድ ይጠይቃል። ከጎናችን! በገዛ ደጁ፣ በገዛ ገንዘቡ በተሠራ መንገድ ላይ ባለቤቱ ወደ ጎን ይደረግና እንግዳው መሃል ይቆማል። ሙሽራውን «በሰርጉ ላይ ስለተገኘህልን ውለታህ አለብን» እንደማለት ነው። ደግነቱ ሙሽራው ያጨበጭባል።

ንግግሩ የራሱ ቅንብር አለው። ሃያ ደቂቃ ቢፈጅ የመጀመሪያዎቹ ስምንት ለበላይ አመራር ናቸው። «ባስቀመጡልን አቅጣጫ መሠረት» የሚለው ሐረግ ቢያንስ ሦስት ጊዜ መግባት አለበት፤ አቅጣጫ አስቀማጩ ራሳቸው ፊት ወንበር ላይ ከተቀመጡ አምስት ጊዜ። ቀጥሎ ባለድርሻ አካላት ይመጣሉ። እነማን እንደሆኑ፣ ድርሻቸውም ስንት እንደሆነ ጠይቆ መልስ ያገኘ የለም፤ ብቻ እንደ አየር በሁሉም ቦታ አሉ። ሕዝቡ የሚደርሰው ፎቶ አንሺው ካሜራውን ቦርሳው ውስጥ መክተት ሲጀምር ነው። ያን ጊዜም «ሰፊው የወረዳችን ሕዝብ» ይባላል። ሰፊ መሆኑ ይጠቅማል፤ ማንንም በስም ሳይጠሩ ሁሉን ጠርቶ ለመገላገል ይመቻል። በስም የተጠራ ሰው እኮ ያዋጣው ይቆጠርልኝ ሊል ይችላል።

ከዚያ የምስክር ወረቀት ይታደላል። እዚህ ላይ ጠጋ ብሎ ማየት ደግ ነው። ወረቀቱ ወፍራም ነው፤ ጠርዙን ወርቅማ ሐረግ ከቦታል፤ ከላይ አርማ፣ ከታች ክብ ማኅተም አለበት። መሃሉ ላይ «ላበረከቱት ከፍተኛ አስተዋጽኦ» ይላል። ምን ያህል ከፍተኛ? ለቁጥር የተተወ ቦታ የለም። በአንጻሩ የመንግሥት ገንዘብ መቀበያው ደረሰኝ፣ ሞዴል 64 የምንለው፣ ስምና ቀን ይጻፍበታል፤ ገንዘቡ የተከፈለበት ምክንያትና ልኩም ይጻፍበታል፤ «ከፍተኛ» የሚል ቃል ግን አንድም ቦታ የለውም። ሁለቱ ወረቀቶች የተጣሉ ወንድማማቾች ናቸው፤ አንዱ ባለበት ሌላው አይገኝም። ካርኒ የጠየቀ ሰርተፍኬት ይሰጠዋል። ሰርተፍኬት ደግሞ ሳሎን ይሰቀላል እንጂ ኦዲተር ፊት አይቀርብም።

መዋጮው በፈቃደኝነት ነው፤ ይህ ይሰመርበት። ፈቃደኝነቱ የሚረጋገጠው በመታወቂያ መስኮት ነው። መታወቂያ ለማሳደስ ወይም የነዋሪነት ማረጋገጫ ለማጻፍ የመጣ ሰው «የልማት ከፍለሃል?» ይባላል። ካልከፈለ ማንም አያስገድደውም፤ ኧረ በጭራሽ! ሲስተም የለም፣ ወይም ፈራሚው ስብሰባ ላይ ናቸው። ከሦስት ቀን ምልልስ በኋላ ፈቃዱ ከልቡ ይመነጫል። በንግግሩ ውስጥ «ኅብረተሰቡ በራሱ ተነሳሽነት» የሚባለው ይኸው ነው፤ ከመስኮቱ ፊት በራሱ ተነስቶ ብር ሊያመጣ መሄዱ ነው።

የጥበቡ እምብርት ግን «የአካባቢው ቅድሚያ» የሚባለው ነው። ነዋሪ ስብሰባ ተጠርቶ ችግሩን ይናገራል። አንዷ እናት ውሃ የምትመጣው በሳምንት አንድ ሌሊት ነው፣ ጀሪካን ታቅፈን እናድራለን ይላሉ። ሌላው ቱቦው ተደፍኖ ፍሳሹ ግቢው እንደሚገባ፣ ሦስተኛው የመብራት ምሰሶው አዘምሞ ጣሪያው ላይ ሊተኛ እንደደረሰ ያስረዳል። ቃለ ጉባኤ ያዡ ይህን ሁሉ ጨምቆ «ኅብረተሰቡ የመሠረተ ልማት ጥያቄ አንስቷል» ብሎ ይጽፋል። እነሆ፣ ተአምሩ እዚህች ቃል ላይ ነው። መንገድም መሠረተ ልማት ነው፤ የመንገዱ ዕቅድ ደግሞ ስብሰባው ከመጠራቱ በፊት በሜትር ተለክቶ ከላይ ወርዷል። ሕዝቡ ውሃ ጠይቆ ኮብልስቶን ይመለስለታል። የአባይን ልጅ ውሃ ጠማው የሚሉት ይኸው ነው፤ ግን ቢያንስ ጀሪካኑን የሚያንከባልልበት መንገድ አገኘ።

ለምን መንገድ ተመረጠ ለሚል መልሱ አጭር ነው፤ ሪባን ይታሰርበታል። ውሃ በሳምንት ከአንድ ቀን ወደ ሦስት ቀን ብትመጣ ሰፈሩ እልል ይል ነበር፤ ሪባኑ ግን ምን ላይ ይታሰር? የተጠረገ ቱቦ ፊት ቆሞ ፎቶ መነሳትም ለጫማም ለክብርም አይሆንም።

መንገዱ እንዴት እንደሚሠራ የሚያውቅ ሰው ምስጋናው በየት በየት እንደሚገባ ያያል። ርዝመቱ 300፣ ስፋቱ 6 ሜትር የሆነ የውስጥ ለውስጥ መንገድ እንበል፤ 1,800 ካሬ ነው። ድንጋዩ በሁሉም ጎኑ 10 ሴንቲ ሜትር ቢሆንና አንድ ሴንቲ ሜትር ክፍተት እየተተወ ቢደረደር፣ ለአንድ ካሬ 83 ያህል፣ ለመንገዱ በሙሉ 150,000 ያህል ፍሬ ይፈልጋል። ይሄ የሚታየው ነው። ከሥሩ ማንም የማያየው ሥራ አለ። መሬቱ መረሬ ከሆነ፣ ያ ውሃ ሲጠጣ የሚያብጥ፣ ሲደርቅ የሚሰነጣጠቅ ጥቁር አፈር፣ ተቆርጦ ወጥቶ በሰሌክት፣ ተመርጦ በሚመጣ ጠንካራ አፈር፣ መሞላት አለበት። በላዩ ከ15 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ሰብ ቤዝ የሚሉት የጠጠር ንጣፍ ይነጠፍና በሮለር ይጠቀጠቃል። ከዚያ 5 ሴንቲ ሜትር ንጹሕ አሸዋ። ግራና ቀኙን ከርብ ስቶን የሚሉት የጠርዝ ድንጋይ በኮንክሪት ይተከላል፤ ኮብሉን አቅፎ የሚይዘው እሱ ነው። እሱ ከሌለ የዳሩ ድንጋይ ይንሸራተታል፣ ጎረቤቱ ይከተለዋል፣ ቀስ በቀስ ሰልፉ ሁሉ ይፈታል። ውሃው ወደ ዳር እንዲወርድም መሃሉ ከጠርዙ 9 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ ይላል፤ ዳሩ ላይ ቦይ ይጠብቀዋል።

አሁን አሸዋውን እንየው። 5 ሴንቲ ሜትር ለ1,800 ካሬ ማለት 90 ሜትር ኩብ ነው፤ 16 ሜትር ኩብ በሚጭን ሲኖትራክ ስድስት ምልልስ። ሦስቱ መጥቶ የቀረው በአፈር ቢሞላ ከላይ የሚያይ አያውቅም። ኮብሉ ሁሉንም እኩል ይሸፍነዋል፤ ከምስጋና ቀጥሎ እንደ ኮብል የሚሸፍን የለም። አፈር የገባበት አሸዋ ግን ውሃ አያሳልፍም፤ ይላቁጣል። መኪና ሲረግጠው ጭቃው በድንጋዮቹ መሃል ወደ ላይ ይተፋል፣ ድንጋዩ ወደ ታች ይሰምጣል፣ ጎማ የሚሄድባቸው ሁለቱ መስመሮች በአንድ ክረምት ይጎደጉዳሉ። መሃሉን ከፍ ማድረግ ደግሞ ክር መወጠርና ውሃ ልክ መያዝ ይፈልጋል፤ ምርቃቱ ለሰኔ 28 ከተያዘ ክር የሚወጥር ማን አለ? ሰርገኛ መጣ፣ በርበሬ ቀንጥሱ ነው። ዝናቡ ገብቷል፣ የራሰ መሬት ሮለር አይቀበልም፤ ሪባኑ ግን ተገዝቷል። ቦዩም «በሁለተኛው ምዕራፍ» ይባላል። ሁለተኛው ምዕራፍ ስንት ቦይ እንደተቀበረበት ቢቆጠር መቃብር ጠባቂ ይቀጠርለት ነበር።

አትኩሮት የማይነፈገው አንድ ሥራ አለ፤ የምርቃቱ እብነ በረድ። ለእሱ መሠረት ይቆፈራል፣ ብረት ይታሰራል፣ ኮንክሪት ይሞላል፣ በውሃ ልክ ይስተካከላል፣ ሲሚንቶው እንዲጠነክር ሰባት ቀን ውሃ ይጠጣል። በላዩ «በኅብረተሰብ ተሳትፎ የተገነባው ይህ መንገድ በክቡር አቶ እገሌ ተመረቀ» ተብሎ ይቀረጻል። የክቡር አቶ እገሌ ፊደል ከኅብረተሰቡ ፊደል እጥፍ ይሆናል፤ ኅብረተሰቡ ብዙ ስለሆነ ተጠጋግቶ መቀመጥ ይችላል ተብሎ ነው መሰለን።

ሪፖርቱን ደግሞ ያላየ የሂሳብ ውበት አያውቅም። «የሕዝብ ተሳትፎ በብር ሲተመን» ይባላል። 400 ሰው ወጥቶ ለሁለት ሰዓት ጠጠር አነሳ እንበል። በስምንት ሰዓት የሥራ ቀን ሲታሰብ 100 የሰው ቀን ነው፤ የቀኑ ዋጋ 300 ብር ቢያዝ 30,000 ብር ይመጣል። ሪፖርት አቅራቢው ግን ሕዝቡን አያሳንስም፤ የወጣው ሁሉ ሙሉ ቀን እንደዋለ ይይዝና 120,000 ያደርሰዋል። ያው የፊርማ ወረቀት ለመንገዱ፣ ለጽዳት ዘመቻውና ለችግኝ ተከላው ኮፒ ተደርጎ ሲያያዝ 360,000 ይሆናል። አንድ ቅዳሜ ጠዋት ጠጠር ሲለቅም ያረፈደ ሰው ሳያውቀው ባለሀብት ሆነ ማለት ነው። ይህን ያህል ያፈሰሰን ሕዝብ አለማመስገን በእርግጥ ነውር ነው።

አንዳንድ ደረቅ ሰው ሕገ መንግሥቱን ይጠቅሳል። አንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ መሆን አለበት ይላል፤ ተመራጭ ኃላፊነቱን ካጓደለ ይጠየቃል፣ ሕዝብ አመኔታ ያጣበትንም ተወካይ ከቦታው ማንሳት ይችላል ይላል። ስለ ምስጋና ግን አንድም ቃል የለውም፤ ይህን ክፍተት የሞላው የወረዳችን አመራር ነው። የአካባቢ ምርጫ ሚያዝያ 2005 ተካሂዶ፣ በ2010 መደረግ የነበረበት ሲራዘም፣ ሕዝብና ተመራጭ እንዳይነፋፈቁ ድልድይ ሆኖ የቆየው ጭብጨባ ነው። የወረዳ በጀት በማስታወቂያ ሰሌዳ ይለጠፍ የሚል አሠራርም አለ። ሰሌዳው አለ፤ መስታወት አለው፣ ቁልፍ አለው። ከመስታወቱ ጀርባ ፀሐይ ያነጣው የክፍት የሥራ ቦታ ማስታወቂያ ይታያል፤ ቁልፉ የያዘው ሰው ጋ ነው፣ እሱም ተዛውሯል።

ያም ሆኖ በስብሰባ መሃል እጁን አውጥቶ «ከመዋጮው ስንት ተሰበሰበ? ስንቱ ወጣ? የቀረውስ የት ነው?» የሚል ሰው ቢነሳ ጥበቡ ዝግጁ ነው። መድረኩ አይቆጣም፤ መቆጣት የጀማሪ ሥራ ነው። «በጣም ጥሩ ጥያቄ ነው፣ ስለጠየቁን እናመሰግናለን፤ ሌሎችም ይጨመሩበትና አንድ ላይ እንመልሳለን» ይባላል። ስምንት ጥያቄ ይሰበሰባል። ሰባተኛው ጠያቂ፣ አስቀድሞ የተነገራቸው አዛውንት፣ ጥያቄ ሳይሆን ምርቃት ያወርዳሉ። መልስ መስጠት ሲጀመር ከምርቃቱ ይጀመራል፤ አሜን ሲባል ሻይ ይደርሳል። የገንዘቡ ጥያቄ «ከጊዜ አንጻር» በጽሑፍ እንደሚመለስ ይነገራል። ጠያቂውም ባዶ እጁን አይሄድም፤ ተመስግኗል።

ክረምቱ ወጥቶ ጥቅምት ሲጠባ የውሃ መሥሪያ ቤት ሰዎች ዶማቸውን ይዘው ይመጣሉ። ያቺ የተረሳች የውሃ ጥያቄ ለካ በሌላ ቢሮ በኩል ተፈቅዳ ነበር። አዲሱን መንገድ ከዳር እስከ ዳር ሰንጥቀው ቱቦ ይቀብራሉ፤ አፈሩን ሳይጠቀጥቁ መልሰው ያለብሱታል፤ ኮብሉን እንዳገኙት ይደረድሩታል፤ ያልገጠመው ድንጋይ ዳር ይቆለልና የሱቅ ደጃፍ መቀመጫ ይሆናል። ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ይሆናል ድስት ጥዶ ማልቀስ። በቀጣዩ ዝናብ ያ መስመር ይሰረጉዳል፤ ከርብ ያልያዘው ዳር ይፈታል፤ ድንጋዩ በጎርፍ እየተንከባለለ ቁልቁል ይወርድና እብነ በረዱ እግር ሥር ይከማቻል። እብነ በረዱ ንቅንቅ አይልም።

ከዚያ በየበሩ ሥር አንድ ብጣሽ ወረቀት ይገባል። ቁጥር አለው፣ ቀን አለው፣ ማኅተምም አለው። «ጉዳዩ፦ የተበላሸውን የውስጥ ለውስጥ መንገድ በኅብረተሰብ ተሳትፎ ስለመጠገን» ይላል። የቤት ቁጥርዎን ይዘው፣ መዋጮዎን አዘጋጅተው፣ ቅዳሜ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ እንዲገኙ ይጠይቃል። ከፊርማው በላይ ያለችው የመጨረሻዋ መስመር እንዲህ ትላለች፦

«ለሚያደርጉልን ቀና ትብብር በቅድሚያ እናመሰግናለን።»