የቱ ትርፍ ጊዜ?

ደግሞ መጣ! የትምህርት ክፍሉ ድረ ገጽ ስለሚታደስ እያንዳንዱ ተመራማሪ ስለ ራሱ አጠር አድርጎ ይጻፍ ተባለ። ያውም በሦስተኛ መደብ፣ ቀብር ላይ እንደሚነበብ የሕይወት ታሪክ።

ሥራውን መጻፉስ ባልከፋ። ዓመታት የለፋሁበትን ሁለት መስመር ውስጥ ጠቅጥቄ ከጎኑ ኤች-ኢንዴክሴን እለጥፋለሁ። የፊዚክስ ሊቁ ሆርሄ ሂርሽ በ2005 እ.ኤ.አ. ያመጣት ቁጥር ናት፤ 10 ከሆነች እያንዳንዳቸው በሌሎች ጥናቶች ውስጥ ቢያንስ 10 ጊዜ የተጠቀሱ 10 ጽሑፎች አሉሽ ማለት ነው፣ በቃ። ያልተሳካው ሙከራ፣ ያማከርኳቸው ተማሪዎች፣ እንቅልፍ አጥቼ በነጻ የገመገምኩት የሰው ጽሑፍ እዚያ ውስጥ የሉም።

ያንገበገበችኝ ግን የመጨረሻዋ ሳጥን ናት፦ «በትርፍ ጊዜዎ ምን ያደርጋሉ?» ሁሉም «ተራራ መውጣት፣ ንባብ፣ ፎቶግራፍ» ብሎ ሞልቷል። ያ ተራራ ወጪ ባልደረባዬ እሁድም ቢሮው መብራት አይጠፋም እኮ! ልጆችስ? እሱ «የሁለት ልጆች አባት ነው» ሲባል «ደስ ሲል!»፤ እኔ እናትነቴን ብጽፍ «ታዲያ መቼ ልትሠራ ነው?»

ባዶ ትቼ ብልከው ቅጹ «ይህን ሳይሞሉ ማለፍ አይቻልም» ብሎ መለሰብኝ። «መተኛት» ብዬ ላክሁት።