ክብር ለመቶኛ ሊቃውንት

ሰሞኑን ያቺ ቁጥር ደግሞ ተመልሳ መጣች። መምረጥ ከሚችለው ሰው ድምፁን የሰጠው 46 በመቶ። ከ2022ቱ የአሜሪካ ሚድተርም ምርጫ የተረፈች፣ ከስክሪንሾት ወደ ስክሪንሾት ስትዞር ጠርዟ የደበዘዘ ቁጥር ናት። በአንድ ማታ፣ በአንድ ላይቭ፣ ሁለት ወገን እሷኑ ይዞ ተፋለመባት። አንዱ «ከግማሽ በላይ ሕዝብ ምርጫውን ንቆ ቤቱ ቀርቷል» አለ። ሌላው «ከ2018 በቀር በአስርት ዓመታት ያልታየ ጎርፍ» አለ። የሚያናድደው ሁለቱም ልክ መሆናቸው ነው።

እንግዲህ ለእነዚህ የላይቭ ሊቃውንት ምስጋና ያንሳቸዋል። ሚድተርም ማለት 435ቱ የተወካዮች ምክር ቤት ወንበሮች በሙሉ፣ የሴኔቱ አንድ ሦስተኛና በርካታ የስቴት ገዥዎች የሚመረጡበት፣ የፕሬዚዳንቱ ስም ግን ወረቀቱ ላይ የሌለበት ምርጫ ነው። ትልቁ ስም ስለሌለ ሰው ይቀንሳል፤ በ2020 ከሦስት ሁለት እጁ መርጦ በ2022 46 በመቶ የሆነውም ለዚህ ነው። ይህን የሚያውቅ ሰው ክርክሩን በሦስት ደቂቃ ይዘጋው ነበር። ሊቃውንቱ ግን፣ ዕድሜ ይስጣቸውና፣ ሦስት ሰዓት ያስኬዱታል፤ ያውም በመሃል ለላይክና ለሼር እየቆሙ።

ጥበባቸው ያለው ታኅት ላይ ነው። አራተኛ ክፍል ላዕልና ታኅት ሲማር ያንቀላፋ ሰው እዚህ ሜዳ ላይ አይገባም። የመረጠው ሰው ቁጥር ላዕል ነው፤ እሱን ማንም አይነካውም። ታኅቷን ግን እንደ ሸማ ማሳጠርም ማስረዘምም ይቻላል። ትንሽ ተሳትፎ ሲፈለግ 18 ዓመት በሞላው ነዋሪ ሁሉ ይካፈላል። እዚያ ውስጥ ዜግነት የሌለውም አለ። ግሪን ካርድ ይዞ ቨርጂኒያ አሌክሳንድሪያ ታክሲ የሚነዳው ወገናችን ለኮንግረስ ድምፅ ቢሰጥ በ1996ቱ ሕግ ወንጀል ነው፤ ከአገር እስከ መባረር ያደርሰዋል። ባይሰጥ ደግሞ በዚህች ታኅት ለዲሞክራሲ ግድ የሌለው ሰው ሆኖ ይቆጠራል። መካከለኛ ሲፈለግ መምረጥ በሚፈቀድለት ሰው ብቻ ይካፈላል፤ የምርጫ ተመራማሪዎች የሚጠቀሙት ይህን ነው፣ ስለዚህ ላይቭ ላይ ብዙም አይወደድም። ከፍ ያለ ሲያስፈልግ በተመዘገበው ሰው ይካፈላል።

የመጨረሻዋ ደግሞ የራሷ ተንኮል አላት። መምረጥ ከሚችሉ 100 ሰዎች 70ዎቹ ተመዝግበው 49ኙ ቢመርጡ ተሳትፎው 70 በመቶ ነው። ከዚያ መንጃ ፈቃድ ያሳደሰ ሁሉ በዚያው ይመዝገብ ተባለ እንበል፤ የተመዘገበው 90 ደረሰ፣ 54 ሰው መረጠ። አምስት ሰው ጨመረ፤ ተሳትፎው ግን ወደ 60 በመቶ ወረደ። የገዛ ወገኑ ያሸነፈ ሊቅ 54ን ብቻ ይዞ ይመጣል፤ የተሸነፈው 60 በመቶን ብቻ። ሁለቱንም በአንድ ስክሪን ያሳየ ሊቅ እስካሁን አልተወለደም።

ነገሩ ገና ላልገባው በእድር እናስረዳ። 120 አባላት ያሉት እድር እሑድ ጠዋት ለስብሰባ ተጠራ። ጉዳዩ አንድ ነው፦ ድንኳን ይገዛ ወይስ ወንበር? 42 ሰው መጣ። የድንኳን ወገን ወዲያው «35 በመቶ! ሕዝቡ ወንበሩን ስላልፈለገ ቀረ» ብሎ ተነሣ። የወንበር ወገን መዋጮ የከፈሉትን 84 ሰዎች ብቻ ቆጥሮ «50 በመቶ፤ ለወንበር የተሰጠ ታሪካዊ ድጋፍ» አለ። አንዱ ጥግ የተቀመጠ ሰው ሚስትና ልጆችን ደምሮ 600 አደረሳቸውና 7 በመቶ አወጣ፤ እድሩ ሕጋዊነት የለውም ሲል ደመደመ። ሰብሳቢው ከሰዓቱ ቀድመው የመጡትን ዐሥራ ሁለት ሰዎች አስቆጥሮ «አምና ቀድሞ የመጣው አምስት ነበር፤ ዘንድሮ ሪከርድ ነው» ብሎ አስጨበጨበ። እነዚያው ሰዎች አምናም መጥተው እንደነበር፣ አምና በሰዓቱ ዘንድሮ ደግሞ ቀደም ብለው ብቻ እንደሆነ ያነሣ የለም። ቅጣቱን በልጁ እጅ ልኮ የቀረው ሰውዬ ጉዳይ አርባ ደቂቃ ወሰደ፤ «ቅጣት ከፍሎ መቅረትም ተሳትፎ ነው» የሚል ጠበቃ ተገኘለት። ጥሩምባ ነፊው በላይኛው ሰፈር ብቻ ዞሮ በታችኛው አልነፋም የሚል ክስ ቀረበ፤ ጥሩምባው ሲመረመር ደህና ሆኖ ተገኘ። ዝናብ ነበር አልነበረም በሚለው ሌላ ሃያ ደቂቃ። መጨረሻ ላይ ጸሐፊው መዝገቡን ገልጦ ስም ሲጠራ፣ ባለፈው ሐምሌ ራሱ እድሩ የቀበረው ሰው ስም ተጠራ። ጸጥ አለ። የወንበር ወገን «ሟች መዝገብ ላይ ተገኘ! ስብሰባው ተጭበርብሯል፣ ይሰረዝ!» ብሎ ጮኸ። የድንኳን ወገን «ሟቹ በሕይወት ሳሉ ድንኳን ይወዱ ነበር» ሲል መለሰ። መዝገቡ የሚለው ግን ሰውዬው እንዳልመጡ ብቻ ነው። ቀሪ ተብለው 50 ብር ተቀጥተዋል። ድንኳን ነው ወይስ ወንበር የሚለውን የጠየቀ ሳይኖር ሻይ ተጠጥቶ ተበተነ።

የሴኔት ምርጫ ትንተናችን ይኸው ነው፤ ልዩነቱ ሻይ የሌለው መሆኑ ብቻ።

ጆርጂያ ስቴትን ውሰዱ፤ የሊቃውንቱ መካ ናት። በማርች 2021 ኤስቢ 202 የሚባል ሕግ ጸደቀ። ከድምፅ መስጫ ሕንፃው በ150 ጫማ ውስጥ፣ ወይም ከተሰለፈ መራጭ በ25 ጫማ ርቀት ውስጥ፣ ምግብና ውሃ ማደል ተከለከለ። ውሃው አዳይ ሳይኖረው ብቻውን ቆሞ ከተገኘና ሰው ራሱ ቀድቶ ከጠጣ ግን ይቻላል። በአንድ ወገን ዲሞክራሲ ሞተች ተባለ፤ የቤዝቦል ኮከቦች ጨዋታ ሳይቀር ከአትላንታ ተነሥቶ ዴንቨር ሄደ። በ2022 ቀድሞ የመምረጫው የመጀመሪያ ቀን ከ130 ሺህ በላይ ሰው ሲወጣ ደግሞ ሌላው ወገን ሕጉ ሕዝብ ያስመርጣል ብሎ ጨፈረ። ከዚያ አጠቃላዩ ተቆጠረ። በ2018 ለገዥነት የተሰጠው ድምፅ 3.94 ሚሊዮን ነበር፤ በ2022 3.95 ሚሊዮን። ልዩነቱ 14 ሺህ ገደማ። በምርጫው ቀን፣ ማክሰኞ፣ ሊመርጥ የነበረው ሰው ቀደም ብሎ መረጠ እንጂ አዲስ ሕዝብ ከሰማይ አልወረደም። በአራት ዓመት ውስጥ ነዋሪው ስለጨመረ በመቶኛ ከሄድን እንዲያውም ዝቅ ብሏል። ሪከርድ የሚፈልግ ሪከርዱን ወሰደ፣ ውድቀት የሚፈልግም ውድቀቱን። ያለ ሕጉ ስንት ይወጣ እንደነበር ለማወቅ ሌላ ጆርጂያ ያስፈልጋል፤ እሷ ግን ላይቭ ላይ አትገባም።

ሌላው ችሎታቸው ያልመጣውን ሰው ሐሳብ ማንበብ ነው። በ2014 ተሳትፎው 36 በመቶ አካባቢ ወረደ፤ ከ1942 ወዲህ ዝቅተኛው። በ1942 እንኳ ወንዱ ጦር ሜዳ ነበር የሚባል ሰበብ አለ። በማግስቱ ፕሬዚዳንቱ፣ ባራክ ኦባማ፣ ያልመረጠውን ሁለት ሦስተኛ ሕዝብም ሰምቼዋለሁ አሉ። ከዚያ ወዲህ ዝምታ ያልሰማ ፖለቲከኛ የለም። የተናገረውን ለመስማት ግን ጊዜ ያንሳቸዋል። በ2018 ተሳትፎው 50 በመቶ ሲደርስ «ከ1914 ወዲህ ያልታየ» ተብሎ ተከበረ፤ እውነት ነው። በ1914 አብዛኛዋ ሴት ጭራሽ መምረጥ አይፈቀድላትም ነበር፤ እሷ ከታኅቱ ውጪ ናት። እሱን ለማንሣት በዓሉ ላይ ሰዓት አልበቃም።

ሃይማኖት የቀየሩበት ፍጥነትም ይደነቃል። ለረጅም ጊዜ «ሰው በወጣ ቁጥር ዲሞክራት ያሸንፋል» የሚለው የሁለቱም ወገን ጸሎት ነበር፤ አንዱ እየተመኘ ሌላው እየፈራ። ከ2016 ወዲህ የተማረውና ምርጫ የማያመልጠው መራጭ ወደ ዲሞክራት ሲያዘነብል ጸሎቱ ተገለበጠ፤ ባዶ አዳራሽ ለዲሞክራት ተመቸው። ማንም ይቅርታ አልጠየቀም፤ ማንም «ተሳስተን ነበር» አላለም። መዝሙሩ ያው ነው፣ ዘማሪዎቹ ቦታ ተለዋወጡ። ደግሞ በ2022 ያችኑ አዲሷን መዝሙር የሚያደናግር ነገር ተገኘ። ፒው የተባለው የጥናት ማዕከል እንዳሰላው፣ በ2020 ትራምፕን ከመረጡት 71 በመቶ ተመልሰው ወጡ፣ ባይደንን ከመረጡት ደግሞ 67 በመቶ። ሪፐብሊካኑ በተሳትፎ በልጦም የተጠበቀው ቀይ ማዕበል አልመጣም፤ ምክር ቤቱን 222 ለ213 ይዞ፣ ሴኔቱን ሳያገኝ ቀረ። ማን ወጣ የሚለው ጥያቄ፣ የወጣው ሰው የት ወረዳ ይኖራል፣ ማንንስ ዕጩ አቀረባችሁለት የሚሉትን ጥያቄዎች አይመልስም። ይህ አሰልቺ ስለሆነ አለፉት።

እዚህ ላይ ሽሙጡን ለአንድ አፍታ እናስቀምጠው። ፔንሲልቬኒያ ውስጥ በፖስታ የሚመርጥ ሰው ወረቀቱን ሞልቶ መጀመሪያ ምስጢር ጠባቂው ትንሹ ኤንቨሎፕ ውስጥ ይከታል፤ እሱን ትልቁ ውስጥ ይከታል፤ ትልቁ ላይ ይፈርማል፣ ቀን ይጽፋል። በምርጫው ዕለት እስከ ማታ 2 ሰዓት ካውንቲው እጅ መድረስ አለበት፤ የፖስታ ቤት ማኅተም ብቻ አያድነውም። ትንሹ ኤንቨሎፕ ከተረሳ ድምፁ ይወድቃል። ቀኗ በመረሳቷ ወይም በመሳሳቷ በ2022 በሺዎች የሚቆጠር ድምፅ ወደ ጎን ተደርጓል፤ ነገሩ ለዓመታት ፍርድ ቤት ሲያመላልስ ኖረ። እነዚህ ሰዎች ቤታቸው አልቀሩም! መርጠዋል! እስክሪብቶ አንሥተው፣ ፈርመው፣ ልከዋል! በጆርጂያ በ2018 ስማቸው ከሌላ መዝገብ ጋር ቃል በቃል አልገጠመም ተብሎ ከ50 ሺህ በላይ ምዝገባ ተንጠልጥሎ ነበር፤ መታወቂያ አሳይቶ መምረጥ እንደሚቻል ለስንቱ ተነገረው? የአባቱ ስም አንዱ ወረቀት ላይ በመሃል፣ ሌላው ላይ በመጨረሻ የሚጻፍ፣ «ጸጋዬ»ን መንጃ ፈቃዱ በአንድ ፊደል ዜግነቱ በሌላ የጻፈበት ሕዝብ እኛ አይደለንም? ሦስት ሰዓት ስለ መቶኛ ከማውራት አምስት ደቂቃ ስለ ኤንቨሎፑ መናገር ምን ይነሣቸዋል? ድምፁ የተጣለበትን ሰው ሳይረዱ፣ የተጣለውን ድምፅ ሬሳ ይዞ መከራከር ነውር ነው።

እሺ፣ ወደ ምስጋናው።

ከምርጫው ማታ በኋላ ያለው ትጋታቸው አይረሳም። ካሊፎርኒያ ድምፁን ቆጥራና አጣርታ ለመጨረስ 30 ቀን ገደማ አላት፤ ፔንሲልቬኒያ ደግሞ የፖስታውን ድምፅ ከምርጫው ቀን ጠዋት 1 ሰዓት በፊት መክፈት አትችልም። ሊቁ ግን ሌሊት 9 ሰዓት ላይ «ካሊፎርኒያ ዘንድሮ ተኝታለች» ብሎ ይፈርዳል። ከሦስት ሳምንት በኋላ ቁጥሩ ሲያድግ ማድረግ ያለበት ቪዲዮውን ማጥፋት ነበር፤ እሱ ግን «ከየት የመጣ ድምፅ ነው?» የሚል አዲስ ቪዲዮ ይሠራል። አንዱ ስህተት ሁለት ገቢ።

በቨርጂኒያና በጆርጂያ ደግሞ መራጭ ሲመዘገብ ፓርቲ አይመርጥም። ስለዚህ «እስካሁን 52 በመቶው ዲሞክራት መርጧል» የሚለው ሰንጠረዥ ከቆጠራ የመጣ አይደለም። ዕድሜን፣ ሰፈርንና ያለፈ ምርጫን አይቶ የተገመተ ነው። ይህን ግምት በቀይና በሰማያዊ ቀለም ቀብቶ እንደ ውጤት ማቅረብ ጠንቋይነት ነው ከተባለ ጠንቋዩ ይቀየማል፤ እሱ ቢያንስ ቡና ያፈላል።

እናም ስለ መዝገቡ። በ1993ቱ ሕግ መሠረት አድራሻው ያጠራጠረ መራጭ ማረጋገጫ ካርድ በፖስታ ይላክለታል። ካልመለሰ፣ ከዚያም በሁለት አገር አቀፍ ምርጫዎች ካልመረጠ፣ ይሰረዛል። ኦሃዮ ካርዱን መላክ የምትጀምረው ሰውዬው ሁለት ዓመት ሳይመርጥ ሲቀር ነበር፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2018 5 ለ4 ፈቀደላት። ካርዷ ትንሽ ናት፤ ኮሎምበስ ውስጥ ከፒዛ ኩፖንና ከጥርስ ሐኪም ማስታወቂያ ጋር ተጣብቃ ትመጣለች፣ አብራቸውም ትጣላለች። ሰውዬው ካርዷ በተላከች በአራት ዓመት ከመዝገብ ይወጣል።

ታኅቷ በአንድ ቀነሰች። ላዕሉ ያው ነው። መቶኛው ከፍ አለ። ሊቁ ላይቭ ገብቶ ተሳትፎ እያደገ ነው ሲል፣ እድሩም በዚያው ሳምንት ሟቹን ሰርዞ 35 በመቶውን 35.3 አድርሷል፤ ጸሐፊው በቃለ ጉባኤው «አበረታች ለውጥ» ብሎ ጽፎታል።