ከግብር የሸፈተው ጀግና

ባለፈው ቅዳሜ እዚህ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ አንድ ለቅሶ ቤት ተቀምጬ የዘገንሁትን ንፍሮ ሳልጨርስ፣ ከጎኔ የነበረው ሰው ስልኩን አውጥቶ አንድ ፎቶግራፍ አሳየኝ። የሟች መስሎኝ ከንፈሬን መጠጥሁ። ለካስ የደመወዝ ደረሰኙ ኖሯል። ሰውየው ከሁለት ዓመት በፊት ከሜሪላንድ ወደ ቴክሳስ የፈለሰ፣ ለቀብሩ ሲል በአውሮፕላን የመጣ የቀድሞ ጎረቤታችን ሲሆን፣ በጣቱ የሚያመለክተኝም የስቴት ግብር ይቆረጥበት የነበረውን ባዶ መስመር ነው። «አየኸው? ዜሮ!» አለኝ፤ ድምፁ ከፍ ስላለ የሟች እኅት ቀና ብላ አየችን።

ይህን ጀግና የማያውቅ አንባቢ አለ ብዬ አልገምትም። ክርስትና ላይ፣ ምርቃት ላይ፣ ጽዋ ማኅበር ላይ አይጠፋም፤ በየሄደበትም ሳይጠየቅ ይመሰክራል። እኔ ግን ዛሬ ላመሰግነው ተነሥቻለሁ፤ የሚገባው ክብር እስከ ዛሬ ተነፍጎታልና። አባቶቻችን ግብር ሲበዛባቸውና ገዥው ሲያስመርራቸው «ዱር ቤቴ» ብለው ጠመንጃቸውን አንግተው ይሸፍቱ ነበር። የእኛም ጀግና ያንኑ ወኔ ወርሶ፣ ሶፋውን፣ ትልቁን ቴሌቪዥኑንና የባለቤቱን ረከቦት በኪራይ መኪና ጭኖ፣ ሁለት ቀን ሙሉ ነድቶ ዳላስ አጠገብ ጋርላንድ ላይ ሸፍቷል። የጥንቱ ሽፍታ በረሃ ወርዶ ድምፁን ያጠፋ ነበር፤ የዛሬው በየለቅሶ ቤቱ እየዞረ ይፎክራል።

የያዘው ማስረጃ ሐሰት የለበትም። ቴክሳስ ከደመወዝ ላይ የገቢ ግብር አትቆርጥም፤ መራጮቿም በ2019 በሕገ መንግሥቷ ውስጥ አስጽፈው በሩን ዘግተውታል። ሜሪላንድ በአንጻሩ የስቴቱ ድርሻ አልበቃ ብሏት የካውንቲውንም ትደርባለች፤ እሱ ይኖርበት የነበረው ሞንትጎመሪ ካውንቲ ብቻውን 3.2 በመቶ ይወስድበት ነበር። ይህን ሲነግረኝ ዓይኑ እንባ አቀረረ። የፌዴራሉ ግብር፣ 6.2 በመቶው የሶሻል ሴኩሪቲ ጡረታና 1.45 በመቶው የሜዲኬር፣ የአረጋውያን ሕክምና፣ ተቆራጭ ግን ከሶፋው ጋር ተጭነው አብረውት ጋርላንድ እንደ ገቡ ከዚያው ደረሰኝ ላይ ይታያል፤ አውራ ጣቱን አሳርፎባቸው ስለነበር ነው በመጀመሪያ ያላየኋቸው።

የጀግናችን ዋናው ጥበብ ግን ስም ማውጣት ነው። ቴክሳስ የገቢ ግብሩን ትታ የቤት ግብሩን ስለምታከብደው፣ በገዛው ቤት ላይ በዓመት ከስድስት ሺህ ዶላር በላይ ይጠየቃል፤ ባንኩ ገንዘቡን ከወር ክፍያው ጋር ደምሮ ስለሚሰበስበው ግን «እሱማ ሞርጌጅ ነው» ይላል። ልብስም ሆነ ቴሌቪዥን በገዛ ቁጥር የሚጨምረው 8.25 በመቶ «ዋጋ» ነው። በፖስታ የሚከታተልበት የክፍያ መንገድ ሒሳብ «መንገድ» ነው። በበረዶው ሰበብ የሚንረው የጣሪያ ኢንሹራንስ ደግሞ «የአየር ጠባይ» ነው። ግብር ማለት ሜሪላንድ ውስጥ የሚከፈል ገንዘብ ብቻ መሆኑን የተረዳሁት በዚያች ቅዳሜ ነው።

ከሁሉ የማረከኝ ግን የቤቱ ነገር ነው። በየዓመቱ ጸደይ ላይ ግብሩ የሚሰላበት የቤቱ ግምት ይደርሰዋል፤ ግምቱ በዛብኝ የሚል ሰው እንደ ደንቡ እስከ ሜይ 15 ድረስ ተቃውሞ ማስገባት ይችላል። ጀግናችን ይህችን ቀን እንደ ጥምቀት ይጠብቃታል። ቀኑ ሲቃረብ በቤቱ ዙሪያ እየዞረ ጉድለት ይለቅማል፤ የዳላስ አካባቢ ሸክላማ አፈር በዝናብ እያበጠ በፀሐይ እየደረቀ መሠረት ስለሚያናጋ፣ የሚለቀም አያጣም። ስንጥቁ ውስጥ ሳንቲም ሰክቶ ፎቶ ያነሣል፤ ባለቤቱ ግድግዳውን እንዳትቀባ ይገዝታታል፤ ሣሩን ሳያጭድ ይከርማል፤ አማቹን ምስክር አድርጎ ይዞ ይሄድና «ይህ ቤት ነው ወይስ ፍርስራሽ?» እያለ ገማቾቹን ይሞግታል። ባለፈው ዓመት አንድ ቀን ከሥራው ቀርቶ ሠላሳ ስምንት ዶላር አስቀንሷል። ለእኔም «ቤቴን ላሳይህ» ብሎ ስልኩን ሲከፍት፣ ተሳስቶ ለገማቾቹ ያዘጋጀውን ማኅደር ከፈተና ከተሰነጠቀ ግድግዳ፣ ዝገት ከበላው ቧንቧና ሳንቲም ከተሰካበት ወለል ጋር ተፋጠጥሁ። ዳግመኛ ከንፈሬን መጠጥሁ። «እሱ ለካውንቲው ነው፤ የዘመዱ እዚህ አለ» ብሎ አለፈው፤ ቀጥሎ የመጣው ቤተ መንግሥት ነበር።

«ፖለቲካውም አንገሽግሾኛል» ይላል። ሜሪላንድ በሰማያዊዎቹ፣ በዴሞክራቶቹ፣ እጅ ስላለች መተንፈስ አቅቶት የሪፐብሊካኖቹ ቀይ ስቴት ገባ። ዜግነት ገና አልወሰደም። ቀድሞ ይኖርበት የነበረው ታኮማ ፓርክ ከ1990ዎቹ መጀመሪያ አንሥቶ ዜጋ ያልሆነ ነዋሪ በከተማው ምርጫ ድምፅ እንዲሰጥ ከፈቀዱት በጣም ጥቂት የአሜሪካ ከተሞች አንዱ ነው። በፖለቲካ ተማርሮ የለቀቀው እንግዲህ ድምፅ ሊሰጥ ይችል የነበረበትን ከተማ ነው። የሄደበት ዳላስ ካውንቲ ከ2008 ወዲህ በየፕሬዚዳንታዊ ምርጫው ለሰማያዊዎቹ እንደ መረጠ ግን አልነገርሁትም፤ ለቅሶ ቤት ሐዘን በሐዘን ላይ አይደረብም።

ወገንተኛ እንዳልባል፣ ምርጫ በተሸነፈ ቁጥር ካናዳ እገባለሁ እያለ የሚምለውንም ሰው አመሰግናለሁ፤ ከ2016 ወዲህ የተጓዘው ከሲልቨር ስፕሪንጉ ጎዳና፣ ከጆርጂያ አቬኑ፣ ወዲህ ማዶ ወደ ወዲያ ማዶ ነው።

አንድ ሌላ የማውቀው ሰው አለ። መኪና ማቆሚያ ውስጥ ይሠራ የነበረ፣ ስኳር ያለበት፣ ይህንኑ ፉከራ ሰምቶ ቤተሰቡን ይዞ የተከተለ። ሜሪላንድ ሳለ ገቢው ትንሽ ስለነበር ሜዲኬይድ፣ መንግሥት ለዝቅተኛ ገቢ የሚሰጠው የጤና መድን፣ ነበረው። ሜሪላንድ በ2014 ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው ጎልማሶች የከፈተችውን በር ቴክሳስ እስከ ዛሬ እንዳልከፈተች ከፎካሪዎቹ አንድም ሰው አልነገረውም። እዚያ ሥራው እንዳሰበው አልሆነለትም፤ አሁን እንክብሉን ለሁለት እየሰበረ ይውጣል። ከዚያ ደመወዝ የሚድነው ግብር ስንት ሊሆን ነው? የማታውቁትን ለምን ትሰብካላችሁ? በገዛ ገንዘባችሁ ፎክሩ፤ በሰው ጤና አትፎክሩ!

ከፊታችን የተቀመጡ አንዲት እናት ሲያዳምጡን ቆይተው፣ «ልጄ፣ እዚህ ቤት ብትገዛ ኖሮ ትሄድ ነበር?» አሉት።

«እማማ፣ እዚህማ በእኔ ደመወዝ ምን ቤት ይገዛል?» አለ ዝቅ ባለ ድምፅ። በዚያች ቅጽበት ወደድሁት። ቤት ተወዶብኝ ሄድሁ ቢለን ማን ይታዘበው ነበር?

ውዴታዬ እስከ በር አልዘለቀም። ጫማችንን ስናጠልቅ ክንዴን ይዞ ወደ ጥግ ወሰደኝ። ሴት ልጁ ሁለተኛ ደረጃ ልትጨርስ ነው፤ የምትመኘውም የሜሪላንድን ዩኒቨርሲቲ ነው፤ ነዋሪ ለመባል ግን በስቴቱ 12 ወር መኖር ያስፈልጋል፤ ነዋሪ ያልሆነ ደግሞ ከእጥፍ በላይ ይከፍላል።

«እና በአንተ አድራሻ ብናስመዘግባትስ?» አለኝ። «ለወረቀት ያህል ነው። ግብሩን እንደሆነ አንተ እየከፈልህ ነው።»