እርማት፦ «ዋኝቶ ከሄደ ተርፏል» ስለሚባለው

ወንድሜ፣ በአሜሪካ ቨርጂኒያ ባሉት የሸናንዶዋ ተራሮች ብሩክ ትራውት የተባለውን የቀዝቃዛ ውሃ ዓሣ በሰው ሠራሽ ዝንብ (ዝንብ አስመስሎ በተሠራ መንጠቆ) አጥምዶ ስለመልቀቅ ስትጽፍ «ተለቆ ዋኝቶ ከሄደ ተርፏል» ያልከው ልክ አይደለም። ከዓይንህ ከተሰወረ ከሰዓታት በኋላም ሊሞት ይችላል። ዋናው ጠላቱ ሙቀት ነው፤ ውሃ ሲሞቅ የሚይዘው ኦክስጅን ይቀንሳል፣ ታግሎ የደከመ ዓሣ ደግሞ አብዝቶ የሚፈልገው ያኔ ነው። ስለዚህ ቴርሞሜትር ያዝ። ውሃው 18 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ከደረሰ ማጥመድህን አቁም፤ ጠዋት 15 የነበረው ከሰዓት በኋላ ሊያልፈው ስለሚችል ደጋግመህ ለካ።

የመንጠቆውን ወደ ኋላ የዞረች እሾህ በፒንሳ ደፍጥጣት፤ ዓሣው ውሃ ውስጥ እንዳለ በቀላሉ ትነቅለዋለህ። በደረቅ እጅ መያዝማ በፍጹም! ከበሽታ የሚጠብቀውን ልጋጋማ ሽፋን ይገፍፈዋል። ፎቶ ካስፈለገህ እጅህን አርጥብ፣ ከውሃ ውጭም ከ5 ሰከንድ በላይ አታቆየው።