የአለርጂ መተግበሪያ ለአሜሪካ ሀበሻ ወላጅ ይበጃል? ክርክር

ደጋፊ፦ ልጁ የሰሊጥ፣ የወተት ወይም የኦቾሎኒ አለርጂ ያለበት ወላጅ ባርኮድ የሚያነብ መተግበሪያ ስልኩ ላይ ይጫን እላለሁ። የልጁን አለርጂ አንዴ ከመዘገበ በኋላ ሱቅ ውስጥ ካሜራውን ባርኮዱ ላይ ማነጣጠር ብቻ ነው። ኬሲን የወተት ፕሮቲን፣ ታሂኒ የተፈጨ ሰሊጥ መሆኑን የማያውቁ አያት ልጁን ሲጠብቁ ትልቅ እገዛ ነው።

ተቃዋሚ፦ መረጃውን ማን ሞላው? ኦፕን ፉድ ፋክትስን የመሰሉት የምግብ መረጃ ቋቶች በበጎ ፈቃደኞች የሚሞሉ ናቸው፤ የማሸጊያው ፎቶ ከተነሳ ዓመታት አልፈውት ይሆናል። ሰሊጥን ይውሰዱ። አሜሪካ ውስጥ ማሸጊያ ላይ በግልጽ መጻፉ ግዴታ የሆነው ከጃንዋሪ 1 ቀን 2023 ጀምሮ ነው። አንዳንድ ዳቦ አምራቾች ማሽናቸውን ከሰሊጥ ማጽዳቱ ሲከብዳቸው ሆን ብለው ሰሊጥ ጨምረው «ሰሊጥ አለው» ብለው ጻፉ። የድሮው መረጃ ካልታደሰ ያንኑ ዳቦ «ሰሊጥ የለውም» ይልልዎታል።

ደጋፊ፦ ይሄ ውሃ የሚያነሳ ነጥብ ነው። ስለዚህ መረጃው የታደሰበትን ቀን ማየት፣ ፎቶውንም እጅ ላይ ካለው ማሸጊያ ጋር ማስተያየት ያስፈልጋል። «የለውም» እና «መረጃ የለም» አንድ አይደሉም። «አለው» ካለ ዕቃውን መመለስ ነው፤ «የለውም» ካለ ገልብጦ ማንበብ።

ተቃዋሚ፦ ገልብጬ ማንበቤ ካልቀረ ስልኩ ምን ሠራልኝ? ደግሞስ የእኛ ጓዳ? በላስቲክ የታሰረ ሽሮና በርበሬ ባርኮድ የለውም። የአሜሪካ ሕግ በስም የሚያስጠራው 9 አለርጂዎችን ብቻ ነው፤ የአውሮፓ ሕግ በሚያስጠራቸው 14ቱ ውስጥ ያሉት ግብጦና ሰናፍጭ እዚህ የሉበትም። ግብጦ ደግሞ አንዳንድ የኦቾሎኒ አለርጂ ያለባቸው ሰዎች ላይም አለርጂ ያስነሳል። ገብስም ከ9ኙ ውጪ ነው። ጤፍ ግሉተን (በስንዴና በገብስ ውስጥ ያለው ፕሮቲን) የለውም ብሎ አምኖ የሚገዛ ሰው፣ እዚህ ብዙው እንጀራ ገብስ ወይም ስንዴ እንደሚቀላቀልበት ከየትኛው ስልክ ይሰማል?

ደጋፊ፦ ለላስቲኩ ሽሮ መፍትሔው ባለሱቁ ነው፦ ምን ተቀላቀለበት? ወፍጮው ሰሊጥ ወይም ኦቾሎኒም ይፈጫል? «አላውቅም» ካለ አለመግዛት ነው። ለግብጦ ግን ቃል በእጅ ማስገባት የሚፈቅድ መተግበሪያ መርጦ በእንግሊዝኛ ስሙ «ሉፒን» ብሎ መመዝገብ ይቻላል።

ተቃዋሚ፦ ማሸጊያው ላይ የተጻፈ እንደሆነ ነዋ! «ሊኖርበት ይችላል» የሚለው ማስጠንቀቂያ በአሜሪካ በአምራቹ ፈቃድ ነው፤ አለመጻፉ የጋራ ማሽን የለም ማለት አይደለም። ያልተጻፈውን ካሜራ ከየት ያመጣዋል? ለከባድ አለርጂ ወደ አምራቹ መደወል ግድ ነው።