ዳክዬዋን ማን ተኮሰባት?

ባሕር ዳር ቁጭ ብለን ቡና ስንጠጣ ስለ ዳክዬ አደን ሕግ ባነሳ ጓደኛዬ ሳቀብኝ። «ዳክዬ ማን ሊበላ ነው የሚታደነው?» አለ። እውነቱን ነው። እኛ ቤት የውሃ ወፍ ድስት አይገባም። ጣና ላይ ዳክዬ የሚያሳድድ ባለ ጠመንጃም አይቼ አላውቅም።

እኔ ያነሳሁት ስለ ባሕር ዳክዬዎች ነበር። ጣናን አያውቁትም፤ ኑሯቸው የሰሜኑ ቀዝቃዛ ባሕር ላይ ነው። ብዙዎቹ ቁጥራቸው እየተመናመነ ነው። የመጀመሪያ እንቁላላቸውን ለመጣል ሁለት ሦስት ዓመት ይቆያሉ፤ ከጫጩቶቻቸውም ለዐቅም የሚደርሰው ጥቂት ነው። አንዲት እናት ከሞተች ቶሎ የሚተካት የለም። ዴንማርክ እ.አ.አ. በ2014 ኤይደር የሚባለውን ዳክዬ እንስቷን መግደል ከለከለች። አሜሪካ በአትላንቲክ ጠረፏ አንድ አዳኝ በቀን የሚገድለውን የባሕር ዳክዬ ከ7 ወደ 5፣ ኋላም ወደ 4 አወረደች። ምዕራብ ግሪንላንድ የፀደይ አደኑን ስታሳጥር፣ ቆጠራ በተደረገባቸው ቦታዎች ኤይደሮቹ በጥቂት ዓመት ከእጥፍ በላይ ሆኑ።

እኛ ጋ ግን ጥይት የለም።

አውሮፓና ሳይቤሪያ ሲበርዳቸው ጅራተ ሹሏና አፈ ማንኪያዋ ዳክዬ ወደኛ ይመጣሉ። ጣና ዳር ፎገራ ውስጥ ሸሸርና ወለላ የሚባሉ ረግረጎች አሉ። ክረምት ይሞላሉ፤ ከመስከረም በኋላ ውሃው እየሸሸ ሲሄድ ጭቃው የወፍ ማዕድ ነው። ባሕር ሸሹ፣ ውሃው ለቆት የሚታረሰው መሬት፣ ግን የሰውም ማዕድ ነው። ገበሬው ቶሎ እንዲደርቅለት ቦይ ይቀዳል፣ ሞተር ይተክላል። አንድ ጠዋት ቱቦው ውሃውን መጥጦ ሽንኩርት ማሳ ላይ ሲተፋ ቆሜ አየሁ። ሃምሳ እርምጃ በማይሞላ ርቀት ዳክዬዎቹ በቀረችው ኩሬ ተፋፍገዋል። ሞተሩ ጠፍቶ እንደገና ሲነሳ ብር ብለው ሄዱ። ወዴት እንደሆነ እንጃ።

ገበሬው ላይ አልፈርድም። ልጆች አሉበት።

ወረቀት አላነሰንም። ሕጋችን የዱር እንስሳን ያለ ፈቃድ ማደን ይከለክላል። ተጓዥ የውሃ ወፎችን ለመጠበቅ የአፍሪካና የዩሮ-እስያ አገሮች የተስማሙበት ውል ውስጥም አለንበት። ጣና እ.አ.አ. ከ2015 ጀምሮ በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ቦታ ነው፤ ሰውና ተፈጥሮ ተጠባብቀው እንዲኖሩበት ማለት ነው። ታዲያ ይሄ ሁሉ ረግረጉ ዳር ያለውን ሞተር አያውቀውም።

እኔ የምለው የአዳኞቹን ሕግ ከነብልሃቱ እንዋሰው ነው። እነሱ «በቀን 4» ብለው ወሰኑ፤ እኛ ውሃውን እንወስን። ረግረጉ መሀል እንጨት ተተክሎ ምልክት ይደረግበት። ወፎቹ ባሉበት ከኅዳር እስከ የካቲት ውሃው ከምልክቱ በታች ከወረደ ሞተር ይቁም። ለመለካት ፈረንጅ ባለሙያ አያስፈልግም፤ እረኛም ያየዋል።

«ሞተሩን ማን ያጠፋዋል?» አለኝ ጓደኛዬ፣ ሲኒውን እያስቀመጠ።

ነዳጁን የገዛው ገበሬ ራሱ ነዋ። የሚያጣው ሽንኩርት ከተከፈለው ያጠፋዋል። ካልተከፈለው እኔም ብሆን አላጠፋውም።