ከላይ የሚጠጣው ጅብ

ተረቱን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ጅብና አህያ ውሃ ሊጠጡ ወንዝ ወረዱ። ጅቡ ከላይ ሆኖ ይጠጣል፣ አህያዋ ከታች። ጅቡ ቀና አለና «ውሃውን ለምን ታደፈርሽብኛለሽ?» አላት። አህያዋ ነገሩ ወዲያው ገባት። «አያ ጅቦ፣ ሳታመካኝ ብላኝ» አለችው።

ያገሬ ሰው፣ ይህን ተረት ስናወራ ሁልጊዜ አህያዋ እኛ ነን። ጅቡ ሌላ ሰው ነው። መንግሥት ነው፣ ፋብሪካ ነው፣ ከላይ ያለው ቀበሌ ነው። ዛሬ ግን ብትቀየሙኝም ልናገረው፤ ወንዝ ዳር ስንቆም ከሁላችንም በታች የሚጠጣ ሌላ ሰው አለ። ካላመናችሁኝ ቦርከናን ተከትለን እንውረድ።

ቦርከና ደሴን አቋርጦ ያልፋል። ደሴዎች ወንዙ ትዝ የሚለን ክረምት ሞልቶ ሲያስፈራራን ነው። በጋ ላይ ድልድዩ ላይ ቆም ብላችሁ ወደ ታች እዩት። ፌስታል፣ የውሃ ፕላስቲክ፣ ያረጀ ጫማ፣ የበዓል ዶሮ ላባ። ይህስ በዓይን የሚታየው ነው። ማታ ዶፍ ሲወርድ ጠብቆ የሽንት ቤቱን ጉድጓድ ወደ ወንዙ የሚለቅ ሰው አለ። ጎረቤት ቢያየው «ጎርፉ ይወስደዋል» ይላል። ወንድሜ፣ ጎርፉ ወዴት ነው የሚወስደው? ኮምቦልቻ ነዋ! ምናልባት እህትህ የምትኖርበት ሰፈር።

ኮምቦልቻ ደግሞ የራሷን ትጨምርበታለች። ልዮሌና ወርቃ የሚባሉት ትንንሽ ወንዞች የፋብሪካ ፍሳሽ ይዘው ቦርከና ይገባሉ። ቆዳ ሲለፋ ክሮም ይፈልጋል፣ ጨርቅ ሲቀልም ኬሚካል ይፈልጋል። ክሮም እንደ እበት የሚበሰብስ ነገር አይደለም፤ የብረት ዓይነት ነው። ደለሉ ውስጥ ተኝቶ ይቆያል። በዚያ ውሃ ጎመን ይለማል፣ ጎመኑ ገበያ ይወጣል፣ ሳህናችን ላይ ይመጣል። የኮምቦልቻ ሰው ፋብሪካውን ሲወቅስ እውነት አለው። ባለፋብሪካም ብትሆን ማጣሪያ ሠርተህ ለጉብኝት ቀን ብቻ የምታስነሳው ከሆነ ማንን እንደምታሞኝ አንተው ታውቃለህ። ግን ባጃጁን ወንዙ ውስጥ አስገብቶ በኦሞ የሚያጥበው ልጅም ፋብሪካውን ሲሰድብ ሰምቼዋለሁ። እጁ ላይ አረፋው ሳይደርቅ።

ከዚያ በታች ጨፋ አለ። የከሚሴ ሰው ያውቀዋል፤ ሰፊ ረግረግ ነው። በጋ ሲበረታ አፋሩ ከቆላ ግመሉንና ከብቱን እየነዳ ይመጣል። ኦሮሞው፣ አማራው፣ አርጎባውም ከብቱን እዚያው ያሰማራል። ጨፋ ለከብት ሣር ብቻ አይደለም። ሸምበቆና ሣሩ ጎርፉን ያዘገየዋል፤ ውሃው ሲዘገይ ደለሉ ይወርዳል፣ ሥሩ ደግሞ ቆሻሻውን ይመጥጣል። ወንፊት ነው በሉት። እኛ ግን ረግረግ ስናይ «ባዶ መሬት» ነው የምንለው። ቦይ ቀደን እናደርቀዋለን፣ ከዚያ እናርሰዋለን። የቡና ማጥለያ ቀዶ ቡናው አተላ ሆነ ብሎ የሚቆጣ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኛ ነን።

ከጨፋ ያለፈው ውሃ አዋሽ ይገባል። አዋሽ ደግሞ ባሕር አይደርስም፤ አፋር በረሃ ላይ አቤ ሐይቅ ገብቶ ያበቃል። «ጎርፉ ይወስደዋል» ላልከኝ ወንድሜ፣ ጎርፉ አገር ጥሎ አይወጣም።

ሐይቅ ከተማ አጠገብ ያለው የሐይቅ ሐይቅማ ይብሳል። መውጫ ወንዝ የለውም። ከአርዲቦ ሐይቅ በአንከርካ ወንዝ የሚመጣው፣ ከየተራራው የሚወርደው ሁሉ ገብቶ ይቀራል። በ13ኛው ክፍለ ዘመን አቡነ ኢየሱስ ሞዓ ደቀ መዛሙርት ያስተማሩበት የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ደሴት ላይ ነበር። ዛሬ በእግር ነው የሚገባው። በ1960ዎቹ መጀመሪያ ተመራማሪዎች ሳህን የመሰለ መለኪያ በገመድ አስረው ወደ ውሃው ሲያወርዱት እስከ 9 ሜትር ድረስ ታይቷቸዋል። አስቡት፣ ባለ ሦስት ፎቅ ቤት ያህል ጥልቀት! በኋላ የተለካው ከዚያ እጅግ ያነሰ ነው። አንዱ ምክንያት ቆሮሶ የሚባለው ዓሣ ነው፤ በ1970 ዓ.ም. ገደማ ለሰው ምግብ ተብሎ ሐይቁ ውስጥ ተለቀቀ። ዓሣው፣ ዋቅላሚ የሚባለውን ውሃውን የሚያለብሰውን አረንጓዴ ነገር የሚበሉትን ደቃቅ እንስሳት ለቀማቸው ይባላል። ሌላው ምክንያት የእኛ እጅ ነው። እስከ ውሃው አፍ ድረስ እናርሳለን፣ ዳፕና ዩሪያ እንበትናለን፤ ዝናብ ሲመጣ አፈሩና ማዳበሪያው ተያይዘው ይገባሉ። ማዳበሪያ ስንዴና ዋቅላሚ አይለይም፤ ሁለቱንም ያሳድጋል። ዋቅላሚው አድጎ ሲሞትና ሲበሰብስ የውሃውን ኦክስጅን ይጨርሰዋል። ከዚያ ዓሣው ሆዱን ገልብጦ ሲንሳፈፍ «ምን መዓት መጣ?» እንላለን። በገንዘብህ የገዛኸው ማዳበሪያ ነው የመጣው። ከማሳህ ጫፍ ጥቂት እርምጃ ለሣር ብትተውለት አብዛኛውን ይይዝልህ ነበር።

ወደ ተራራው ልምጣ። ሐምሌ ላይ ወንዙ ሻይ መስሎ ሲወርድ ልጆች ቆመው ያያሉ፣ ያምራቸዋል። ያ ቀይ ውሃ የአባታችሁ ማሳ ነው። በ1997 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ቁጥር 456 ተዳፋቱ ከ60 በመቶ በላይ የሆነ መሬት እንዳይታረስና በልቅ ግጦሽ እንዳይያዝ፣ ለዛፍና ለመኖ እንዲሆን ደንግጎ ነበር። እኛ አገር በሬው ወድቆ እንዳይሞት ተብሎ በዶማ የሚቆፈር ገደል አለ። መሬት ጠበበን ትሉኛላችሁ። እውነት ነው፣ ጠቧል። ግን ገደሉ የሚያበላህ ሁለት ሦስት ዓመት ነው፤ ከዚያ ዓለቱ ይቀርልሃል።

ደግሞ ያልሞከርነው ነገር ቢሆን ባልከፋኝ። ከ1966ቱም ከ1977ቱም ረሃብ በኋላ እናትና አባቶቻችን ለስንዴና ለዘይት ብለው ድንጋይ ተሸክመው እርከን ሠሩ። ክልክል ተከለለ፣ ችግኝ ተተከለ። 1983 ላይ መንግሥት ሲለወጥ በብዙ ቦታ ክልክሉ ውስጥ በመጥረቢያ የገባነው ማን ሆነን ነው? «የደርግ ዛፍ ነው» ተባለ። ዛፍ ፓርቲ አለው እንዴ? ዛፉ ሲሄድ ደርግ አልተጎዳም፣ ምንጩ ነው የደረቀው።

ከፍ ብሎ አቡነ ዮሴፍ ተራራ ላይ፣ ቦረና ሳይንት ውርጩ ላይ ቀይ ቀበሮ አለ። ከኢትዮጵያ ሌላ የትም የለም፤ ያለውም ለአቅመ መራባት የደረሰው ከ500 በታች ነው። ምግቡ አይጥ ነው። እኛ ገብስ ይዘን ጓሳውን እያረስን ወደ ላይ ወጣን፣ ውሻችን ተከተለን፣ የውሻ በሽታ ወደ ቀበሮው ተሻገረ። ከዚያ ገብሱን አይጥ ፈጀብን ብለን እናማርራለን።

አሁን ወደ ራሴ። እኔም ከላይ የጠጣሁበት ቦታ አለ። ልጅ ሆኜ ከአጎቴ ጋር ምንጩ አጠገብ ባህር ዛፍ ተክያለሁ። እርጥብ ስለሆነ ቶሎ ይይዛል ብለን ነበር። ያዘ፣ አማረ፣ አጣና ሆኖ ተሸጠ፣ የእኔም ደብተር ከዚያ ተገዝቷል። ምንጩ ግን ዓመት ዓመት እየቀጠነ ሄደ። ዛሬ ጥር ሳይገባ ይቆማል። ከታች ያሉት ሴቶች ጀሪካን አዝለው ሌላ ቀበሌ ይሄዳሉ። አንዷ ባለፈው «ልጄ፣ ድሮ እዚህ ነበር የምንቀዳው» አለችኝ። እኔ መሆኔን አላወቀችም። እኔም አልነገርኳትም።

ውሃን ከጥሩ፣ ነገርን ከሥሩ ይላል የእኛ ሰው። ሥሩ ቅሬ፣ ሌላው አገር እድር የሚለው፣ ላይ ነው ብዬ አምናለሁ። ወሎ ውስጥ ቅሬ ያልገባ ማን አለ? ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ቀባሪ እንዳያጣ ቅሬውን ይፈራል፤ ከፍርድ ቤት በላይ ይፈራዋል። በየአጥቢያው የቀረው ወይራና ጥድ የታለ? የቤተ ክርስቲያን ቅጥርና የሙታን መቃብር ላይ። ማንም አይደፍረውም። ለሞተ ሰው ብለን ዛፍ መጠበቅ ችለን ውሃ ለሚጠጣው ሰው ያቃተን ለምንድን ነው? ለቀብር የቀረ ሰው ይቀጣል። ምንጭ አፍ ላይ ያረሰ፣ ልቅ ከብት ክልክል ውስጥ የለቀቀ፣ ጉድጓዱን ወንዝ ላይ የደፋ ለምን በቅሬ አይቀጣም? ሸኽም ቄስም ባሉበት፣ ቡናው ሳይነሳ ተነጋገሩበት።

እኔ ለአጎቴ ነግሬዋለሁ። ባህር ዛፉን እናንሳው፣ ቦታው ላይ ሾላና ወይራ እንትከል አልኩት። ቡናውን ፉት እያለ «ለታናሽህ ሠርግ ነው ያቆየሁት» አለኝ። ሠርጉ ለጥር ነው። ከሠርጉ በኋላ እሄዳለሁ። መጥረቢያ ብቻ ይዞ መሄድ ዋጋ የለውም፤ ባህር ዛፍ ከጉቶው ያቆጠቁጣል። ዶማ ነው የምይዘው።